ወይዘሮ አርዲስ ያላነበቧት ካርድ

ወይዘሮ አርዲስ ቶሌፍሰንን ያወቅኋቸው በከተማችን መጦሪያ ቤት ኩሽና ስሠራ ነው። ባለቤታቸው አቶ ሜርል ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው እዚያ ገብተው ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በኩሽናው በር ብቅ ብለው፣ «ዛሬስ ሾርባው ጨው አለው ወይስ እንደ ልማዳችሁ ነው?» ይሉኛል። ከዚያ ከባላቸው ጋር ካርታ ይጫወታሉ። አቶ ሜርል በግራ እጃቸው እየተጫወቱም ያሸንፏቸዋል። የምጽፈውን ግማሹን ራሳቸው ነግረውኛል፣ ግማሹን እዚያው ሆኜ አይቻለሁ።

ወይዘሮ አርዲስ በደህናው ዘመን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር። እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ፣ በኛ ከተማ፣ እሳቸው ያላመላለሱት ጎልማሳ የለም ማለት ይቻላል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ምርጫ በመጣ ቁጥር ከጓደኛቸው ከዶሪን ጋር ሆነው የተወዳዳሪዎቹን የጽሑፍ መልስ ጎን ለጎን አሳትመው ለሕዝብ ያድላሉ። መሀል ላይ ጥያቄው፣ በግራ የአንዱ መልስ፣ በቀኝ የሌላው። ከተወዳዳሪው ቃል ላይ አንዲት ፊደል አይነኩም።

በዚያ ዓመት ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደሩት ዳረን ኦፍስታድና ጆሊን ክሪገር ነበሩ። ሁለቱም በልጅነታቸው የወይዘሮ አርዲስ አውቶቡስ ላይ ያደጉ ናቸው። ያኔ መጦሪያው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ነበር። ስቴቱ ለአንድ አልጋ የሚከፍለው የሠራተኛ ደሞዝ እንኳ አልሸፍን ብሎ ነው። መጨመር የሚችለው ምክር ቤቱ ነው። ቢዘጋ ደግሞ ሌላ አልጋ የሚገኘው ሩቅ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ተነድቶ ነው። ወይዘሮ አርዲስ ዓይናቸው ስለደከመ ከመጦሪያው አልፈው መንዳት አይችሉም። እንግዲህ ለሳቸው ምርጫው ሌላ አልነበረም፤ ባላቸውን በየቀኑ ማየት ወይም አለማየት ነው።

መልሶቹ ሲመጡ ይዘዋቸው ወደ አቶ ሜርል ሄዱ። የመላሹን ስም በመዳፋቸው ሸፈኑና፣

«ስማኝ እስቲ» አሏቸው። «"አረጋውያኖቻችን የአካባቢያችን አለኝታ ናቸው፤ እንክብካቤያቸው ቅድሚያ ይገባዋል።" የማነው?»

«የዳረን።»

«የጆሊን ነው። ይሄኛውስ? "ያሳደጉንን አንረሳም፤ ለክብራቸው እቆማለሁ።"»

«እሱም የጆሊን ነዋ።»

«የዳረን ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«አንዲት ላም እኮ ናት» አሉ አቶ ሜርል። «አንዱ ከፊቷ ሆኖ፣ አንዷ ከኋላዋ ሆና ነው የጻፉት። ክፍያውን እጨምራለሁ ያለ የታለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጻፊያ! "ሁለቱም ወተቱን አልነኩትም" በይ።»

«ያሉትን እንጂ ያላሉትን አንጽፍም» አሉ ወይዘሮ አርዲስ። መልሶቹን እንዳሉ ጎን ለጎን አሳተሟቸው።

የቀራቸው ተስፋ ስብሰባው ብቻ ነበር። ከምርጫው በፊት ተወዳዳሪዎቹ ሰው ፊት ይቀመጣሉ፣ ሕዝቡ ጥያቄውን በካርድ ይጽፋል፣ ወይዘሮ አርዲስ ያነባሉ። ሰው ፊት የተባለ ቃል አይዋጥም። ግን አንድ ደንብ አለ። ካርድ የሚያነበው ሰው የገዛ ቤቱን ጥያቄ አያነብም። ድሮ አንድ አንባቢ ስለራሱ እርሻ የውሃ ቦይ ጠይቆ ከተማው ለሁለት ተከፍሏል፤ በቤተ ክርስቲያን እንኳ አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ትተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ወይዘሮ አርዲስ ናቸው።

በዕለቱ ስብሰባው በሚደረግበት እሳት አደጋ ጣቢያ መኪኖቹ ወደ ውጭ ወጥተው አዳራሹ በወንበር ተሞላ። እኔም አቶ ሜርል በግራ እጃቸው የሞነጫጨሯትን ካርድ ይዤ ሄጄ ካርዶቹን ለምትሰበስበው ለዶሪን ሰጠኋት። «ለአልጋው የሚከፈለውን ትጨምራላችሁ? አዎ ወይም አይ በሉ» ትላለች።

ወይዘሮ አርዲስ ስለ ውሃ ቦይ አነበቡ፣ ስለ አጋዘን አደን አነበቡ። ከዚያ አንዲት ካርድ አንስተው አዩና ጠረጴዛው ላይ ደፏት። የፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ ሁሉንም እሰማ ነበር።

«ምነው?» አለቻቸው ዶሪን በሹክሹክታ።

«የሜርል ናት።»

«እና አንብቢያታ!»

«የቤቴ ናት፣ ዶሪን።»

«ወዲህ በያት፣ እኔ ላንብባት።»

«አንቺ አነበብሽ እኔ አነበብኩ፣ ከዚህ ጠረጴዛ የወጣ ያው ነው። ሌላ ሰው ጠይቆ ይሆናል፣ የሌላውን እናነባለን።»

የቀሩትን ካርዶች አገላበጡ። ስለ መጦሪያው የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የሜርልን ካርድ ከታች አደረጓት። ወዲያው አንዱ ስለ አጋዘን የተመለሰው አልጥም ብሎት ተነሳ፣ ሌላው መለሰለት፣ ሰዓቱ በዚያው አለቀ። ዳረንና ጆሊን ተጨባብጠው ለእንግዶች ወደ ቀረበው ኬክ ሄዱ።

ወንበር ስናጣጥፍ የወይዘሮ አርዲስ ጎረቤት ሮድኒ ኬኩን እያላመጠ መጣ።

«አርዲስ፣ የመጦሪያውን ነገር ሳታነሺው ቀረሽ?»

«አንተስ እናትህ እዚያ አይደሉም እንዴ? ለምን አልጻፍክም?»

«እኔማ ያንቺ ጉዳይ ነው፣ ከአፍሽ አልነጥቅም ብዬ ነዋ!»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እንደዚያው ብሎ ነው የተወው። እኛ ዘንድ የሰው ነገር አይቀማም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ለአቶ ሜርል ነገሯቸው።

«አላነበብሻትም?»

«ቤተሰቤ ነህ እኮ።»

አቶ ሜርል ካርታውን በግራ እጃቸው እያደራጁ፣ «እንግዲያው አስቀድሜ ፈትቼሽ መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። ወይዘሮ አርዲስ ሊስቁ ሞክረው አቃታቸው።

ለማን ድምፅ እንደሰጡ አላውቅም፣ እኛ ዘንድ አይጠየቅም። ያሸነፈው ዳረን ነው። ወይዘሮ አርዲስ ነዳጅ ማደያው ጋ አገኙትና፣

«አንተ ዳረን፣ የመጦሪያውን ነገር እንዴት ነው የምታደርገው?» አሉት።

«እትዬ አርዲስ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ስብሰባው ላይ አንድ ሰው እንኳ ሲያነሳው አልሰማሁም። ሰው ይህን ያህል የሚጨነቅበት አልመሰለኝም። እስቲ ለሚቀጥለው ጊዜ እናያለን።»

እውነቱን ነው። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ወደ መጦሪያው ነዱ።

በረዶው ሲቀልጥ መጦሪያው ተዘጋ። አቶ ሜርልን ሦስት ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሌላ መጦሪያ በሰፊ መኪና ሲወስዷቸው ወይዘሮ አርዲስ ካርታውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡላቸው። «ከማን ጋር ልጫወተው?» አሉ አቶ ሜርል።

አሁን እኔም ትምህርት ቤት ነው የማበስለው። መኪና ስለሌለኝ ላደርሳቸው አልቻልኩም። ጎረቤት አንዳንድ እሁድ ይወስዳቸዋል፤ እሳቸው ግን ሰው ማስቸገር አይወዱም፣ አይጠይቁም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፣ በኛ በኩል ወደ ደቡብ የምታልፉ ከሆነና መኪናችሁ ውስጥ ባዶ ወንበር ካለ፣ ከእህል ጎተራው ቀጥሎ ያለውን ቢጫ ቤት አንኳኩ። ወይዘሮ አርዲስ «አይ፣ አላስቸግርም» ይሏችኋል። እሺ ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ ትንሽ ቁሙ። ካፖርታቸው በሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል። መጦሪያው ስትደርሱም አብራችኋቸው ግቡ። አቶ ሜርል መስኮቱ ጋ ናቸው፣ ካርታ የሚጫወት ሰው ይወዳሉ።