ዘይቷን የማትቀምሰው ሴት

ሳን አውሪዚያ በሳኦ ቶሜ ደሴት ፖንታ ሴካ በምትባል የባሕር ዳር መንደር አርባ ዓመት የዘንባባ ዘይት ስታወጣ ኖራለች። በዚያ አገር ሴቷን ሳን፣ ወንዱን ሱን ብለው ነው የሚያከብሩት። ፍሬውን ትቀቅላለች፣ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ ጭማቂውን መልሳ ጥዳ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ዘይት በጭልፋ ትቀዳለች። እስከ ሳኦ ቶሜ ከተማ ድረስ የአውሪዚያ ዘይት ያልገባበት ካሉሉ፣ የአገሩ የዓሣና የቅጠል ወጥ፣ ወጥ አይባልም ነበር።

ሳን አውሪዚያ ግን የዘንባባ ዘይት አትወድም። ገና ሲሸታት ያንገሸግሻታል። ባሏ በሕይወት ሳለ ሁለት ድስት ትጥድ ነበር፣ አንዱን ለሱ በዘይት፣ አንዱን ለራሷ ያለ ዘይት፤ ምስጢሩን ይዞላት ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ የዳቦ ፍሬ የሚባለውን፣ እንደ ድንች የሚበላ የዛፍ ፍሬ፣ ቀቅላ በጨው፣ ዓሣም ከተገኘ ፍም ላይ ጠብሳ፣ እሱኑ ትበላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኢዛልቲኖ የሚባል ወጣት ሚዛን ተሸክሞ ከከተማ መጣ። የደሴቲቱ ሕዝብ በቀን ስንት ማንኪያ ስብ እንደሚበላ እየተጠና ኖሯል። ከየመንደሩ አንድ ቤት በዕጣ ይወጣና እዚያ ቤት የተበላው መንደሩ በሙሉ እንደበላው ይቆጠራል።

ዕጣው ሳን አውሪዚያ ላይ ወጣ። መንደሩ ጮቤ ረገጠ።

“ከሷ ቤት ሌላ የት ሊወጣ ኖሯል!” አለች ጎረቤቷ ፌሊስሚና። “አበልጄ፣ አደራሽን! የማዶዎቹ መንደር ሰዎች ሰምተው ይቃጠሉ። እንዳታፍሪ፣ ብዪ!”

ሳን አውሪዚያ ዘይቱ የተንሳፈፈበት ካሉሉ ሠርታ ማዕድ ቀረበች። ኢዛልቲኖ ሳህኑን መዘነ። የመንደሩ ግማሽ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ። እሷም አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ጉንጯን እንደነፋች ብድግ አለችና በእጇ ወደ ጓሮ አመለከተች። ስትመለስ አፏ ባዶ ነው።

“ዶሮዎቹን አይቼ ነው” አለች።

ሁለተኛውንም ጉርሻ ይዛ ዶሮዎቹን ልታይ ወጣች። ሦስተኛውንም።

“ሳን አውሪዚያ፣ ዶሮዎቹ ምን ሆነውብዎት ነው?”

“ታመዋል።”

በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። አሥራ አንደኛውን ጉርሻ ይዛ ስትነሳ ኢዛልቲኖ ተከትሏት ወጣ። ስድስት ዶሮዎች መንቆራቸው እስከ ዓይናቸው ቀልቶ ተሰልፈው እየጠበቋት ነበር።

“ይቅር በለኝ ልጄ” አለች፣ ያን ጉርሻም ከተፋች በኋላ። “እኔ ይሄን ነገር መዋጥ አልችልም።”

“ምኑን?”

“ዘይቱን።”

“የራስዎን ዘይት?”

“የራሴን ነዋ! የማንን ልዋጥ?”

ፌሊስሚና በአጥሩ በኩል ሰማችና ጮኸች። “አርባ ዓመት ሙሉ እኛን እያበላች! ምን ብትጨምርበት ነው እሷ የማትቀምሰው?”

ኢዛልቲኖ ሐቀኛ ሰው ነበርና ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፈ። መንደሩ ከበበው።

“ሱን ኢዛልቲኖ፣ ቢያንስ ሦስት ማንኪያ ብለህ ጻፍልን።”

“የሚጻፈው እሳቸው የዋጡት ነው።”

“ዶሮዎቹ የዋጡትስ?”

“ዶሮ አይቆጠርም።”

ይህን ሲል ፌሊስሚና የሰጠችውን ካሉሉ ሦስተኛ ሳህን እየጨረሰ ነበር፤ ቅጹ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ በቀይ ዘይት ታትሞ ቀረ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ስብ የሚባል ነገር ለማያገኘው ለፖንታ ሴካ ሕዝብ ሠላሳ ጀሪካን የተጣራ የውጭ ዘይት ታዝዞለታል። አብራ የመጣች ባለሙያ ዘይት ወጥ ውስጥ በማንኪያ እንዴት እንደሚጨመር አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረች። ሕዝቡ ከምሳው ተነስቶ የመጣ ስለሆነ ከንፈሩ ሁሉ ቀይ ሆኖ ያብለጨልጫል።

“እህቴ” አለች ፌሊስሚና፣ ጀሪካኑን ከፍታ አሽትታ፣ “ይሄ ውኃ ነው ዘይት?”

አንዱ የበሩን ማጠፊያ ቀባበት፣ ሌላው ሞክሮት ደፋው። የቀረው፣ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ያለው የሳን አውሪዚያ ብቻ ስለሆነ፣ እሷ ግቢ ተከመረ። ደንበኞቿ አኩርፈዋት ስለነበር ሥራ አልነበራትም። አንድ ቀን እንዲያው ሥራ ስትፈታ የዳቦ ፍሬ ቆርጣ በዚያ ዘይት ጠበሰች። አይሸትም። ቀመሰችው፤ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀሪውንም ጠብሳ ጨረሰችው፤ በማግሥቱም ሌላ ፍሬ።

እስከ ፋሲካ ድረስ ቀሚሷ እየጠበባት ሁለት ጊዜ አሰፋችው። ጉንጯ ሞላ፣ ፊቷ አበራ።

“አየሽ!” አለቻት ፌሊስሚና። “መብላት ጀመርሽ አይደል?”

“ጀመርኩ” አለች ሳን አውሪዚያ።

“ታዲያ! ዘይትሽ እንዴት እንዳማረብሽ ብታዪው!”

ወሬው ተዛመተ፤ ያኮረፉት ደንበኞች ተመለሱ፤ እንደ አውሪዚያ ልወፍር የሚሉ አዳዲሶችም ተጨመሩ። ሳን አውሪዚያ ቀን ቀን ቀዩን ትወቅጣለች፣ በሯን ስትዘጋ በነጩ ትጠብሳለች።

የመጨረሻው ጀሪካን ሲያልቅ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባ ከተማ ወረደች። አንድ ሱቅ ገብታ በጣቷ ወደ መደርደሪያው አመለከተች። ባለ ሱቁ የነጩን ዘይት ጠርሙስ እያወረደ ትክ ብሎ አያት።

“እርስዎ የፖንታ ሴካዋ ባለ ዘይት አይደሉም እንዴ?”

“እህቷ ነኝ” አለች ሳን አውሪዚያ። “ሁለት አድርገው።”