ገደለች የምትሉ እጃችሁን አውጡ

ኬዛያ ትሬምባት ባሏን አልገደለችም። ይህን የምለው እዚያው ስለነበርኩ ነው። ኤዝራ ቆርቆሮ ማዕድን ሲቆፍር ሃያ ስድስት ዓመት የማገው አቧራ ሳንባውን በልቶት ሲሞት፣ እግሩን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። አስከሬኑንም ያጠብነው እኔና እሷ ነን። ሳማ እያፈላች ታጠጣው ነበር፣ እውነት ነው። እዚህ እንግሊዝ፣ ኮርንዋል ውስጥ ደረቱን ላመመው ሰው ሳማ የማያፈላ ቤት ካለ አሳዩኝ።

በዓመቱ አንዲት ደራሲ ከለንደን መጥታ የኬዛያን የላይኛውን ክፍል ተከራየች። ሦስት ወር ሙሉ ቁርስ ላይ ስትጠይቃት፣ ይቺ የዋህ ሁሉንም ዘከዘከችላት። ከዚያ መጽሐፉ ወጣ። በገደል አፋፍ ላይ ያለ ጨለማ ቤት፣ ሲጢጥ የሚል ደረጃ፣ ለባሏ ሳማ የምታፈላ ጥቁር ለባሽ ሴት። ገደለችው? አልገደለችውም? መጽሐፉ አይናገርም፤ አንባቢው ሲብሰለሰል ይደር ነው ነገሩ። የኬዛያ ቤት ግን ሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ ገደሉም ከደጇ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

በሬዲዮ ሲተረክ ሴትዮዋ ንጹሕ ሆና ወጣች። ያን ሰሞን ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ለኬዛያ ባርኔጣውን ያነሳ ጀመር። ፊልሙ ሲመጣ ግን ገዳይ ሆነች፤ መጨረሻው ላይ ስኒውን እያጠበች ፈገግ ትላለች። ከዚያ ወዲያ የኬዛያን ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። እኛ ጋ ሰው ቤት ገብቶ ሻይ አልፈልግም ማለት ስድብ ነው፤ ሰዉ ግን «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» ማለትን ለመደ።

«ለምን አትናገሪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን ብዬ? አልገደልኩም እያልኩ ቤት ለቤት ልዙር? ዝም አይነቅዝም፣ ሄስተር። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በሰው ፊት አላደረገችውም ቢልልኝ ይበቃኛል።»

«ይሉልሻል።»

«ማን?»

ወሬውን ወደ ድንች ወሰድኩት።

ከዚያ አስተማሪው ኡረን መጽሐፉን ቲያትር አደረገው፤ ገቢው ለቤተ ጸሎታችን ጣሪያ ማሳደሻ ነበር። ሊጋብዛት ራሱ መጣ።

«ወይዘሮ ኬዛያ፣ ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል። ጨዋታ ነው፣ እንዳይቀየሙን። መጨረሻውን የሚወስነው ተመልካቹ ነው፣ እጁን አውጥቶ።»

«ተመልካቹ እነማን ናቸው?»

«እኛው ነና፣ የሰፈሩ ሰው።»

«እንግዲያማ እመጣለሁ» አለች።

እሱ ሲሄድ ምን ነካሽ አልኳት። «ኤዝራ ሲያስል ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር» አለችኝ። «ያን የሰማ ሰው ምን ብሎ እጁን ያወጣብኛል?»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ካፖርቷን ስታወልቅ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝ። ቲያትሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ኡረን ወደ መድረኩ ወጣ።

«ገደለች የምትሉ?»

እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። ዓሣ ሻጩ ሁለቱንም አወጣ። ሚስቱ «አንዱን አውርድ፣ አንተ አጭበርባሪ» ስትለው አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ።

«አልገደለችም የምትሉ?»

ኬዛያ እጇን አወጣች፣ ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ። ሳቁ ጠፋ። ኡረን ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። እሷ ወደ ኋላ ዞራ ማን እንዳወጣ አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው።

እኔ ቦርሳዋን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ጭኔ ላይ ማስቀመጥ እችል ነበር። አብራት ያፈላችው እሷ ናት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ኡረን «እንግዲህ ተፈርዶባታል» ብሎ መጋረጃውን አስወረደ።

ደጅ ስንወጣ እጇን ዘረጋች፤ ቦርሳዋን ሰጠኋት።

«ከበደሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም አልከበደኝም።»

«እሱንማ አየሁ» አለችና ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች።