በግራ በኩል የሚገባ ብርሃን

ወልደገብርኤልን ስለ ቤቱ ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው። ስለሚሠራበት ትምህርት ቤት ከጠየቃችሁት ግን እራታችሁን በልታችሁ መምጣት አለባችሁ።

ምሥራቅ ዴንቨር ባለ አሮጌ የቀይ ጡብ ትምህርት ቤት ጃኒተር ነው፤ ይጠርጋል፣ ይወለውላል። ከመቶ ዓመት በፊት ህንጻውን የነደፉት ቴንብሪጅ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ቢሮ ከፍተው ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ብቻ ነደፉ፤ ባንክ አላሉ፣ ሆቴል አላሉ። ስማቸው መግቢያው ላይ በነሐስ ተቀርጿል፤ ወልዴም ሲያልፍ ሲያገድም ይወለውለዋል። “ሽማግሌዎቹ” ነው የሚላቸው፣ አጎቶቹ ይመስል።

“ሽማግሌዎቹ ልጅ ያውቁ ነበር” ይላል። “መስኮቱን ሁሉ በግራ በኩል አደረጉት። ለምን? ልጅ በቀኝ እጁ ሲጽፍ ጥላው ደብተሩ ላይ እንዳያርፍ! ደረጃውንስ አይታችሁታል? ለአንደኛ ክፍል ልጅ እግር የተለካ ነው።” ሰው ሥራውን እንዲህ ሲወድ ያስቀናል።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ከነደፏቸው ሁሉ የልጅ ድምፅ የሚሰማበት ይኸኛው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሌሎቹ ፈርሰዋል፣ አንዱም አፓርታማ ሆኖ ጥቁር ሰሌዳው የሰው ሳሎን ያስጌጣል። ወልዴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በመኪና እየዞረ የነበሩበትን ያያል። ሚስቱ ልዕልት “ደግሞ ለቅሶ ልትደርስ ነው?” እያለች ትስቅበታለች።

ባለፈው የብርድ ወራት የከተማውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ይኸኛውንም ሊዘጋው ማሰቡ ተሰማ። ኪራዩ ሰማይ ሲነካ የሰፈሩ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ዳር፣ ወደ ኦሮራና ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ሄዶ፣ ክፍሎቹ በየዓመቱ ሳስተዋል። ወልዴ እህል አልወርድ አለው።

እሱም ቤት የገዛው ግሪን ቫሊ ራንች ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። ግን ኑኃሚን የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ጠዋት ሥራ ሲገባ ይዟት ሊመጣ ይችል ነበር፤ እዚህ አገር ወላጅ ሰፈሩ ያልሆነ ትምህርት ቤትም መምረጥ ይችላል። ርዕሰ መምህሯ፣ ፕሪንሲፓሏ ራሷ ለምናዋለች። እሱ ግን “ኤሲ የለውም፣ ኦገስት ላይ ክፍሉ እሳት ነው” ብሎ ኑኃሚንን ቤቱ አጠገብ ያለው አዲሱ ትምህርት ቤት አስገባት። ይህን ያዩ የአሮጌው ትምህርት ቤት ሰፈር አበሾችም “ውስጥ አዋቂው የራሱን ልጅ ካላስገባ አንድ ነገር ቢያይ ነው” ብለው የየራሳቸውን ልጆች አስወጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ኤሲው፣ የማቀዝቀዣው ነገር ሰበብ ነው። የፈሰሰ ወተት ሲወለውል፣ ልጅ ያስመለሰውን ሲያፍስ፣ ኑኃሚን ከጓደኞቿ ጋር ቆማ እንድታየው አልፈለገም። አፈረ። ይህን ለልዕልት እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ዲስትሪክቱ ስለ መዝጋቱ ከወላጆች ጋር ሊነጋገር ስብሰባ ሲጠራ ወልዴ ሱፉን ለብሶ መጣ። አዳራሹ ሞልቷል። ተነሥቶ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከዲስትሪክቱ የመጣችው ሴትዮ እንኳ ራሷን ነቀነቀች። ለአፍታ ትምህርት ቤቱ የዳነ መሰለው።

ያኔ ማህፉዛ እጇን አወጣች። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አፓርታማ ውስጥ የምትኖር፣ መኪና የሌላት፣ ሦስት ልጆቿን በበረዶ በእግሯ የምታመላልስ እናት ናት። ክፋት የላትም፤ ጨንቋት ነው።

“ጋሽ ወልዴ” አለች በአማርኛ፣ “እንዲህ ጥሩ ከሆነ የእርስዎ ልጅ ለምን እዚህ አትማርም? የእርስዎም፣ የሌላውም ልጅ ቢኖር እኮ ማን ይዘጋብን ነበር?”

ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተመደበው አስተርጓሚ ልዑል የሚባል ወጣት ነው። ወልዴን አየው፣ አቀረቀረ፣ ከዚያ ምን ያድርግ፣ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ መልስ ጠበቀ።

“ኤሲ...” ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተቀመጠ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መስኮቱ ያነሣ የለም።

ተወሰነ፤ በጁን ተዘጋ። ሰው ሁሉ “በአንድ ልጅ የሚድን ትምህርት ቤት የለም” እያለ አጽናናው። እሱ ግን ማህፉዛን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ልጆቿ አሁን ሩቅ ተመድበዋል፤ በአውቶቡስ ይሄዳሉ።

የመጨረሻውን ዕቃ በሚያወጣበት ቀን ልዕልት ሊትልተን ከተማ ሥራ ገብታ ስለነበር ኑኃሚንን የሚይዛት አጣ። ይዟት መጣ። አንዲት ወንበር ከነጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ቀርታ ነበር፤ ሄዳ ተቀመጠችና ወረቀት አውጥታ መሳል ጀመረች። ፀሐዩ ከግራዋ ገብቶ ወረቀቷ ላይ አረፈ፤ የእጇ ጥላ አልነካውም። ወልዴ መጥረጊያውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ሽማግሌዎቹ መስኮቱን ሲነድፉ ያሰቧት ልጅ እሷ ነበረች እኮ!

“ዳድ፣ ኢትስ ሶ ብራይት!” አለች፣ ብርሃኑ ገርሟት። ቀጥላም በተሰባበረ አማርኛዋ፣ “እኔ ሁልጊዜ ለፍሬንዶቼ ‘ማይ ዳድ ትምህርት ቤት ነው የሚሠራው’ እላቸዋለሁ። እነሱ ‘ሶ ኩል፣ የት?’ ይሉኛል፣ አላውቀውም። ለምን አንድ ቀን አላመጣኸኝም?”

ወልዴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

“ኤሲ የለውም፣ የኔ ልጅ” አላት።