ሀዋሳ ነኝ ብዬ ናይሮቢ

ከትናንት ወዲያ ማለዳ... ቂርቆስ ቤታችን በር ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ተሰብስበው አየሁ።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ከዛ ፍረዱኝ።

ቦርሳ በጀርባዬ አዝዬ አገር ላገር መዞር የድሮ ህልሜ ነው። እናቴ ግን እዚሁ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ድረስ ስሄድ እንኳን ሦስቴ የምትደውል ሴት ናት፣ ደም ግፊትም አለባት። ስለዚህ «ካዛንቺስ ያለው መስሪያ ቤቴ ለስልጠና ሀዋሳ ልኮኝ ነው» አልኳትና ናይሮቢ ገባሁ። እውነቱን የሚያውቀው ወንድሜ ሚኪ ብቻ ነበር። አዎ፣ ዋሽቻለሁ። በቃ!

በሦስተኛው ቀን ከተማው በሰልፍ ተናጠ። ሱቅ ተዘጋ፣ ታክሲ ጠፋ። እኔ ግን «ከተማ ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ ልቀመጥ ነው እንዴ የመጣሁት?» ብዬ በእግሬ ወጣሁ። አስለቃሽ ጭሱ መጀመሪያ ያገኘው እኔን ነው። መንገዱን አላውቅ፣ ቋንቋውን አልችል... ያን የሚያክል ቦርሳ ተሸክሜ ከማላውቀው ህዝብ ጋር ስሮጥ ቆይቼ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ገባሁ። ከዛ ሆኜ ለሚኪ ደወልኩ።

«ሚኪዬ፣ እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን። አንቺ ለምን አትመጪም?»

«እማዬን አገናኘኝ።»

«እ... ተኝታለች።»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት! እናቴ ቀን ተኝታ አታውቅም። «ምን ሆና ነው?» ስለው «ምንም አልሆነችም፣ ብቻ ነይ» አለኝ።

እናንተው ታውቁታላችሁ... እኛ ጋ ለመንገደኛ ሞት በስልክ አይነገርም። «ሁሉም ደህና ነው፣ ብቻ ነይ» ነው የሚባለው። አያቴ ስትሞት አጎቴን ከድሬዳዋ ያመጡት በዚችው ቃል ነው።

መልሼ ልደውል ስል ሰዉ ከጭሱ እየሸሸ ፋርማሲውን ሞላው፣ ስልኬ ከእጄ ወደቀ፣ የናይሮቢ ህዝብ በሙሉ ረገጠው። የሰው ስልክ ለምኜ እንዳልደውል በቃሌ የማውቀው ቁጥር የራሴን ብቻ ነው። ቴሌግራም ልክፈት ስል ኮዱን የሚልከው ለዛው ለተረገጠው ስልክ! ትኬት የተገኘው ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሶፍታቸውን በሙሉ ለኔ እንባ ጨረሱ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ያን ሁሉ የተዘቀዘቀ ነጠላ ሳይ ምን እንድል ትፈልጋላችሁ? የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አበራ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ቦርሳዬን ወረወርኩና «እማዬ! ሳልደርስልሽ!» እያልኩ ደረቴን መምታት ጀመርኩ።

ሁሉም ዞሩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አዩኝና «በስመአብ!» ብለው አጥሩ ስር ቁጭ አሉ። የጋሽ አበራ ከዘራ መሬት ወደቀ።

«ልጄ... አንቺ ነሽ?»

«እማዬ መቼ ሞተች ጋሽ አበራ?»

«እናትሽማ ቤት ውስጥ ናት። እኛ የመጣነው...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያንቺን መርዶ ልናረዳት ነው።»

ሚኪ! እሱን አንገቱን ብይዘው... ማለቴ፣ ያኔ ስደውል እማዬ ጓዳ ነበረች። የሰልፉን ጩኸት በስልክ እንዳትሰማ ብሎ ነው ለኔ ያስተኛት። ከዛ ስልኬ እምቢ ሲለው፣ ሁከቱን በቲቪ ሲያይ ጨነቀው። ሀዋሳ አለመሆኔን ራሱ መናገር ፈራና ጋሽ አበራ ጋ ሄዶ «ጠዋት መጥታችሁ የእህቴን ነገር ለእማዬ ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ» አላቸው። ይህን ብሎ ደግሞ አለቀሰ! ኧረ ባካችሁ... የእድር ሊቀመንበር ከዚህ ሌላ ምን ይገባዋል? ንፍሮ ሁሉ ተቀቅሏል።

በሩ ተከፈተ። እማዬ ወጣች። ነጠላዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬት የወደቀውን ቦርሳ አየች።

«ምነው? ሀዋሳ ሰላም አይደለም እንዴ?»

ጋሽ አበራ፣ የመጡበትን ሳይናገሩ መመለስ የማይሆንላቸው ሰውዬ፣ «አስካለ፣ ተመስገን በይ፣ ልጅሽ አልሞተችም» አሏት። እስቲ አሁን እንዲህ ይባላል?

እማዬ አልጮኸችም። መጥታ የጃኬቴን እጅጌ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ታሪኩን ሁሉ ስትሰማ፣ ስትሰድበኝ፣ ስታለቅስ፣ መልሳ ስትሰድበኝ... እጅጌዬን አልለቀቀችም። ያኔ ነው የዋሸሁት ነገር በደንብ የገባኝ፣ አፈርኩ። ሽንት ቤት ስገባ እንኳን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፓስፖርቴ ብፌው ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ መቀነቷ ላይ ተቋጥሯል።

እድርተኛው ግን መች ሄደ! «ተቀቅሎማ አይደፋም» ተብሎ አግዳሚው ወጣ፣ ንፍሮው ቀረበ። እኔ ቆሜ ሳየው እትዬ ዘነበች ዘግነው በእጄ አስያዙኝ።

«ብዪ እንጂ ልጄ፣ ላንቺ እኮ ነው የተቀቀለው።»

በላሁላችሁ... ጨው ያንሰዋል።