ለክሱ የማይጠቅመው

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል አቤቱታ እየጻፍኩ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር የሚያወጣው ክስ ነው። ሰው የሆዱን ሁሉ ሲዘረግፍልኝ «ወደ ፍሬ ነገሩ ይግቡ» እላለሁ። የሁለት ሰዓት እሮሮ በአንድ ገጽ ተኩል እጨርስ ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ደንበኛ በሌለኝ ሰዓት ልብ ወለድ ጻፍኩ። ሁለት አሳታሚዎች ረቂቁን ያለ ምክንያት መለሱልኝ። ሦስተኛው፣ ሰንጋ ተራ ያለው፣ ምክንያት ነበረው። «እዚህ ውስጥ ሰው አያለቅስም» አሉኝ አርታኢው፤ «‹የሞራል ጉዳት ይደርስበታል› እንጂ። ይኼ ልብ ወለድ ነው ወይስ ክስ?»

ሥራዬን አልነገርኳቸውም ነበር። ደረጃውን እየወረድኩ በሆዴ ሰደብኳቸው። ያናደደኝ ልክ መሆናቸው ነው። ሁለተኛ ብጽፍ እርም ብዬ ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

በዚያው ሰሞን አንዲት የጌጃ ሰፈር እናት መጡ። በውርስ ቤት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተጣልተዋል። የቤቱን ስፋት እየጻፍኩ ሳለ፣ «ውሃ ግን እሱ ነው የሚቀዳልኝ» አሉ።

«ማን?»

«የምከሰው ወንድሜ ነዋ! ውሃ በመጣ ቀን ጄሪካኔን ሞልቶ በራፌ ላይ ያስቀምጥልኛል። አይገባም፣ ሰላምም አይለኝ። እሱንም ጻፈው።»

«እትዬ፣ እሱ ለክሱ አይጠቅምም። እንዲያውም ይጎዳዎታል።»

«እሱ ካልተጻፈ፣ ልጄ፣ ዳኛው ወንድሜ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«የወራሽነት ማስረጃው ይያያዛል» አልኳቸው።

አልጻፍኩትም። እሳቸውም አምነውኝ ፈርመው ሄዱ።

የዚያን ቀን ሌላ ደንበኛ አልተቀበልኩም። የሰጠኋቸው መልስ አሳፈረኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «አይጠቅምም» እያልኩ ያስቀረሁት ሁሉ ይመጣብኝ ጀመር፤ ፍቺ ጠይቃ «ጋቢውን ግን ማን ያጥብለታል?» ያለችኝ ሴት፣ ጎረቤቱን በአጥር ከስሶ የጎረቤቱን ውሻ የሚቀልብ ሽማግሌ። ሰው ማለት ለካ እኔ የምሰርዘው ነበር። መጽሐፉን ከዜሮ ጀመርኩት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ወደዚያው የሰንጋ ተራ አሳታሚ ወሰድኩት።

አርታኢው ደወሉልኝ። «ያንን ጄሪካን በር ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ወንድም ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ» አልኩ። ዋሸሁ።

«እናትመዋለን» አሉ።

መጽሐፉ እጄ ሲገባ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ፤ ደስታዬን አልክድም። አሁንም ሰው ያገኘኛል፣ ስለዚያ ወንድም ያነሳል፣ እጄን ይጨብጣል። የጄሪካኑን ነገር አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ እንዲያውቅላቸው የፈለጉት ዳኛ ግን አልሰማውም፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።