ጥሩምባ የማይደርስበት ሰፈር

ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት ጋሽ ተካን የማያውቅ ሰው ከነበረ፣ ያ ሰው ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ቀን ቀን ቡልጋሪያ ሰፈር አንዲት ጠባብ ጎሚስታ ውስጥ ጎማ ሲፈቱና ሲለጥፉ ይውላሉ። ሰው የሞተ ዕለት ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ የእድሩን ጥሩምባ ይዘው ይወጣሉ። የሰፈሩ ቀልደኞች «ጋሽ ተካ ጠዋት ጥሩምባ፣ ቀን ጎማ እየነፉ ሳንባቸውን ጨረሱት» ይሉ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ሳንባቸው ግን አላለቀም፤ ሲነፉ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል።

ጥሩምባ መንፋት ቀላል የሚመስለው ሰው ሞክሮት አያውቅም። ትልቁ ነገር ትንፋሹ አይደለም፣ መንገዱ ነው። ሟቹ ገና መርዶ ያልተነገራት እህት ወይም ልጅ እዚያው ሰፈር ካለችው፣ ጋሽ ተካ የእሷን ቅያስ ይዘሉታል። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ሄደው በሯን ያንኳኳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ቀስ ብለው ያረዷታል፤ ጎረቤት ወገቧን ይይዛል። ለቅሶው ከተሰማ በኋላ ነው ጋሽ ተካ ወደዚያ ቅያስ የሚዞሩት። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ እግራቸው ያውቀዋል።

በዚህ ዓለም የሚፈሩት ነገር አንድ ነው፤ ሰው ቀባሪ ሲያጣ ማየት። ልጅ ሆነው ከቡታጅራ ሲመጡ ያስጠጓቸው ሽማግሌ የሞቱ ዕለት ቃሬዛ የሚሸከም ጠፍቶ መንገደኛ እየለመኑ ነው የቀበሯቸው። የዚያን ቀን ሐፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። «ቀባሪ አያሳጣችሁ» ብለው ሲመርቁ ለወጉ ያህል አይደለም።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። ከፊሉ ሰው ከከተማው ዳር ገላን ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ከፊሉ አራብሳ፣ ጥቂቱ እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ተከራየ። የጋሽ ተካ ታናሽ ወንድም ኢብሮ ገላን ደረሰው፤ እሳቸው ከጎሚስታቸው ጀርባ አንድ ክፍል ያዙ። «ቤት ይፈርሳል እንጂ እድር አይፈርስም» ተባለና ሁሉም ተማምሎ ተለያየ። መማማል ቀላል ነው። ብዙም ሳይቆይ ጃዋር የሚባሉ አዛውንት የእድሩ አባል ገላን ላይ ሞቱ። ጋሽ ተካ በዚያች ባለ ቁልፍ ስልካቸው አንድ በአንድ ሲደውሉ ረፈደ። አንዱ ቁጥር ቀይሯል፣ የሌላው ዝግ ነው፣ ሌላው ታክሲ ሲጠብቅ ቀብሩ አለፈው። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ድንኳኑን እንኳ አልሞላም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሳላሀዲን ከቀብር መልስ ጋሽ ተካን ለብቻቸው ጠሯቸው።

«ተካ፣ እውነቱን እንነጋገር» አሉ። «ሰው መጥራት ካልቻልን ምን እድር ነን? በመጪው ስብሰባ ይፍረስ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ልሆን ነው።»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ጋሽ ተካ።

በማግስቱ ጎማ ለማስለጠፍ የቆመ ባለታክሲ ነው ነገሩን የነገራቸው። ቂርቆስ ካሉት የወጣት ማዕከላት በአንዱ ቢሊሴ የምትባል ልጅ ለትልልቅ ሰዎች የስማርት ስልክ አጠቃቀም በነፃ ታስተምራለች። ጋሽ ተካ አላመነቱም። የእህታቸው ልጅ የጣለውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው ሄዱ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። በፌሮ የመኪና ጎማ ሲያላቅቅ የኖረ ጣት መስታወት መንካት የት ያውቃል? ይጫኑታል። ስልኩ ይንቀጠቀጥና የማይፈልጉትን ይከፍታል። ድምፅ መቅዳት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእድር አባል የሆናችሁ በሙሉ!» ብለው ሲለቁት የሚቀጥለው ክፍል ሰው ሳይቀር በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ በቃ ቀስ ብለው ቢያወሩም ይሰማል እኮ» አለች ቢሊሴ ሳቋን እየዋጠች።

«ሳልጮህ ማን ይነሳልኛል፣ ልጄ?»

«ኖቲፊኬሽኑ ይቀሰቅሳቸዋል። የእርስዎ ሥራ መናገር ብቻ ነው።»

አልተዋጠላቸውም፤ ተማሩት ግን። ቢሊሴ አስተዋይ ልጅ ናት፤ ፊደል ከማስለቀም ይልቅ በድምፅ መላክን አስቀደመች። በቴሌግራም አንድ የእድር ግሩፕ ከፈተችላቸውና «እንግዲህ አባላቱን ማስገባት የእርስዎ ነው» አለቻቸው። ጋሽ ተካ እስከ ስብሰባው ጊዜ ይሰጠኝ ብለው ዳኛውን ለመኑ፤ ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ነው። እሑድ እሑድ ጎሚስታውን ዘግተው ገላን ይወርዳሉ። ብዙዎቹ አዛውንት ስማርት ስልክ የላቸውም፣ ያላቸውም ኢንተርኔት የላቸውም። ስልክ ለሌላቸው በየደረጃው ስልክ ያለው ጎረቤት እያፈላለጉ «ሲሰማ ያንኳኳላችኋል» እያሉ አዋዋሏቸው። የኢንተርኔቱን ነገር የፈታችው ሪሐና ናት። ካዛንቺስ ሳለች ሸቀጥ ትነግድ የነበረች የእድሩ አባል ናት፤ አሁን ገላን ብሎኩ ሥር ሱቅ ከፍታለች። ዋይፋይ አስገብታ ስለነበር የሚስጥር ቁጥሩን ለእድርተኛው ሁሉ ለቀቀችው። አዛውንቱ በለስላሳ ሳጥን ላይ ተደርድረው፣ ጋሽ ተካ መሃል ቆመው፣ «ስትጫኑት አትቆጡበት፣ ዳበስ አድርጉት» ይላሉ። የቢሊሴን ቃል ነው የሚደግሙት፤ የራሳቸው ጣት ግን አሁንም እንደተቆጣ ነው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዟ እትዬ ዘውዲ ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሰው ይርባቸዋል። ግሩፑ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» የሚል ድምፃቸው ሳይሰማ አይውልም። ጋሽ ተካ በእሳቸው ይኮሩ ነበር፤ በራሳቸው እጅ ያስገቧቸው እሳቸው ናቸውና።

አንድ ማለዳ የእትዬ ዘውዲ ወንድም አቶ ሃብተአብ ሐኪም ቤት አረፉ። አቶ ሃብተአብም የእድሩ አባል ነበሩ። ባለቤታቸው ለጋሽ ተካ ደወሉ። ጋሽ ተካ ልባቸው ደነገጠ፤ ጣታቸው ግን ፈጠነ። ግሩፑ ከተከፈተ ይህ የመጀመሪያው ሞት ነው፤ የዚህን ሰው ቀብር የሚያልፈው እንዳይኖር ነው የጓጉት። ስልኩን አፋቸው ላይ ደቅነው ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጥርት አድርገው ተናገሩና ላኩት። በዚያች ቅጽበት ከገላን እስከ አራብሳ ሁሉም ሰማ። እትዬ ዘውዲም ሰሙ።

ስልክ ውስጥ የሚዘለል ቅያስ የለም። ጋሽ ተካ ይህ የገባቸው መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው። ቡልጋሪያ መሃል ላይ ቆመው «ወይኔ ተካ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እትዬ ዘውዲ ድምፁን የሰሙት «እንደምን አደራችሁ» ሊሉ ስልካቸውን ሲያነሱ ነበር። ሪሐና ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ወገባቸውን የያዘ ሰው አልነበረም።

ቀብሩ ላይ ሰው ሞላ። ከካዛንቺስ መፍረስ ወዲህ እንዲያ ያለ ቀብር አልታየም፤ መንገዱ ላይ ሁሉ የድሮ ጎረቤት ነው። ጋሽ ተካ ግን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ድንኳን ሲገቡ እትዬ ዘውዲ ከተቀመጡበት ሆነው በደከመ ድምፅ ተናገሯቸው።

«አንተ ተካ፣ መርዶዬን በኪሴ ላክህልኝ? ሠላሳ ዓመት ስንኖር በር አጥተህ ታውቃለህ?»

እትዬ ዘውዲ ስልኩን አውጥተው ለሪሐና ሰጧትና «ከዚህ ውስጥ አውጪኝ» አሏት። በዚያው ሳምንት ሌሎችም ተከታትለው ወጡ። ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ማን ሞተ እያሉ የሚደነግጡ እናቶች ነበሩ፤ አይፈረድባቸውም። ጋሽ ሳላሀዲንም ቁርጡን ነገሯቸው፤ ዘውዲን ያሳዘነ ነገር ይዘን እድር አለን አንልም፣ ስብሰባው ላይ እናፈርሰዋለን አሉ።

ጋሽ ተካ ቢሊሴ ጋ ሄዱ። «አንድ ሰው የሚዘል ስልክ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱ ታሪኩን ሰምታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያቷ ሲሞቱ እሷም የሰማችው ከፌስቡክ ነበር። «አንዱን ግሩፕ እንከፋፍለዋለን» አለች። «እንደ ቅያስ ማለቴ ነው። እርስዎ የትኛው በቅድሚያ እንደሚሰማ፣ የትኛው እንደሚቆይ ይመርጣሉ። ግን በር የሚያንኳኳ ሰው ስልኩ አይሰጠንም፣ ጋሼ።»

በር የሚያንኳኳ ሰው። ጋሽ ተካ ከዚያ ተነስተው በቀጥታ ገላን ሄዱ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አንኳኩ። እትዬ ዘውዲ ከፈቱላቸው እንጂ ግባ አላሏቸውም።

«ይቅርታ ልጠይቅ ብቻ አይደለም የመጣሁት» አሉ ጋሽ ተካ በሩ ላይ እንደቆሙ። «ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እንዴት ቢሆን ነበር ደግ? አንቺ ንገሪኝና እንደዚያ ይሁን።»

«በር ሳይንኳኳ ስልክ አይጩህ» አሉ እትዬ ዘውዲ። «ሌላ ምንም አልልም። የሟች ቤተሰብ ባለበት ቅያስ መጀመሪያ ሰው ይሂድ። ሰውዬው ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ ተይዞ፣ ከዚያ ስልካችሁ እንደፈለገ ይጩህ።»

«ማን ይሂድ? ሰዉ ሁሉ ተበትኗል፣ ዘውዲ።»

«እኔ እሄዳለሁ። የቀመሰ ያውቀዋል።»

ስብሰባው ላይ ጋሽ ተካ ብዙ አልተናገሩም። የተናገሩት እትዬ ዘውዲ ናቸው። እድሩ ተረፈ፤ ደንብም ወጣለት። ግሩፑ በአራት ተከፈለ፤ ቢሊሴ ስማቸውን በፈረሱት ቅያሶች ስም ሰየመችላቸው። ሰው ሲሞት የሚደወለው ለየአካባቢው ተጠሪ ነው፤ ተጠሪው ሰው ይዞ የቤተሰቡን በር ካንኳኳ በኋላ ጋሽ ተካ መልእክቱን ይልካሉ፤ የገላኗ ተጠሪ እትዬ ዘውዲ ሆኑ። ጋሽ ተካ ታመው ወይም መንገድ ሄደው እንደሆነ መልእክቱን ሪሐና እንድትልክ አስተማሯት። ሪሐና ስትለማመድ ድምፅዋ ቀጭን ነው ብለው አረሟት፤ «ከሆድሽ አውጪው» አሏት። ይህንን ቢሊሴ ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት እንዲህ ሆነ፤ ማንም በኪሱ መርዶ አልመጣበትም፤ ማንም ቀባሪ አላጣም። ጋሽ ተካ ጥሩምባውን ጎሚስታው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ባለታክሲዎች ይሸጣል ወይ ብለው ይቀልዱባቸዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ ጋሽ ተካ የንጋቱን ሶላት ሱብሂን ሰግደው ጫማቸውን ሲያደርጉ በራቸው ተንኳኳ። ጎማ የፈነዳበት ሰው መሰላቸው። «መጣሁ!» እያሉ ከፈቱ።

ጋሽ ሳላሀዲን ቆመዋል። አጠገባቸው ነጠላቸውን የተከናነቡ እትዬ ዘውዲ አሉ። ከኋላቸው ሁለት የቡልጋሪያ ጎረቤቶች መሬት መሬቱን ያያሉ።

ጋሽ ተካ ከገላን እስከ ቡልጋሪያ በዚህ ሰዓት ምን አመጣሽ ብለው ሊጠይቁ ነበር። አልጠየቁም። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ ስልኩን አውጥተው አዩት። ምንም የለበትም። ሰው ሲሞት መልእክቱን ላክ ተብሎ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር፤ ዛሬ ስልካቸው ዝም ብሏል። ከሥጋ ዘመዶቻቸው ገላን የሚኖረው፣ በእጃቸው ያሳደጉት ታናሽ ወንድማቸው ኢብሮ ብቻ ነው።

«እንቀመጥ፣ ተካ» አሉ እትዬ ዘውዲ።

ገብተው ተቀመጡ። እትዬ ዘውዲ ቀስ ብለው፣ ኢብሮን ማታ በድንገት ከጣለው ሕመም ጀምረው፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ እነማን አጠገቡ እንደነበሩ ነገሯቸው። ጋሽ ተካ መጨረሻውን ከመስማታቸው በፊት ጮኹ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው የቀሰቀሱበት ድምፅ ዛሬ ለራሳቸው ወጣ። እትዬ ዘውዲ ተነስተው ወገባቸውን ያዙ፤ ጋሽ ሳላሀዲን ክንዳቸውን ያዙ፤ ጎረቤቶቹም ገቡ። አለቀሱ፣ ተያዙ፣ ውኃ ጠጡ።

እትዬ ዘውዲ ወደ ውጭ ብቅ ብለው ለሪሐና ደወሉ። «አሁን ላኪው» አሏት።

ያኔ ነው የጋሽ ተካ ስልክ የጮኸው።