በኮት ብቻውን የሚያወራው

የያዙኝ ሐይቁ ዳር ነው፤ ራሴን በሁለት ደቂቃ ውስጥ እያስተዋወቅሁ።

የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ፊት ለፊቴ በካስማ የታሰረች አንዲት ላም ነበረች። እሷን የፈታኞች ሰብሳቢ አድርጌ፣ የአክስቴን ባል ኮት ለብሼ፣ ደብተሬን በግራ እጄ ይዤ፣ በየመሐሉ ሰዓቴን እያየሁ «ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» እላታለሁ። ዛሬ ሳስበው እኔም ብሆን እንዲህ ያለውን ሰው አስይዘው ነበር።

ነገሩ ግን ቀላል ነበር። የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲገፋ ዩኒቨርሲቲያችን ተዘጋና አምባሰል፣ እናቴ ቤት ገባሁ። እዚያ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሐይቅ ከተማ አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጥብቅና ቢሮ ለሕግ ተማሪዎች የሦስት ወር ኢንተርንሺፕ አውጥቶ ነበር። ሲቪዬንና ማመልከቻዬን ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ላክሁ፤ አይሆንም ብዬ ስተወው ለመጨረሻው ምዘና ተጠራሁ። ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት፤ መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ። ከእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ በር የተከፈተለት ሰው አላውቅም። እናቴ ወሬው በሰው ሲደርሳት ለግሸን ማርያም መሳሏን በዚያው ሰው ላከችልኝ።

በዚያ ቢሮ በኩል ያለፈ አንድ ጓደኛዬ ጥያቄዎቹን በስልክ አስጻፈኝ። «ዋናው ሰዓት ነው» አለኝ። «ከሁለት ደቂቃ ካለፍክ ፊታቸው ይጠቁራል። ጮክ ብለህ ተለማመድ፤ ኮትም ልበስ፣ ሰውነትህ ይልመደው።» አክስቴ ቤት ከሰሜን የተፈናቀሉ ዘመዶች ሞልተው ጮክ ብሎ መናገር ቀርቶ እግር መዘርጊያ አልነበረም። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ያን ሰሞን ሐይቅ ሰርጎ ገብ የሚታደንበት ከተማ መሆኑን፣ እኔም ከሰሜን በኩል የመጣሁ፣ ማንም የማያውቀኝ፣ በጠራራ ፀሐይ በኮት ብቻዬን የማወራ ሰው መሆኔን ልብ አላልኩም።

ሐሙስ ከሰዓት ሦስት ሚሊሻዎች መጡ። ሁለቱ ዱላ፣ አንዱ መሣሪያ ይዘዋል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ አንዱ ባለ ዱላ።

«ከራሴ ጋር።»

«ሰዓትህን ምን ያሳይሃል?»

«ሁለት ደቂቃ እንዳላልፍ ነው።»

ሦስቱም ተያዩ። «ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ምን ይሆናል?»

ደብተሬ ውስጥ ከሠላሳ በላይ ጥያቄ ነበረ። ይኼ ግን አልነበረበትም።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ተነሥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ባዶ ጆንያ ላይ አሥር ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሰዓቴን፣ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር በር ላይ አስወልቀው ስልኬን፣ መታወቂያዬን፣ ደብተሬንና እስክሪብቶዬን ወስደውብኛል። ኮቱን ለምን እንደተዉልኝ እንጃ።

ከአሥሩ ውስጥ ሁለቱን አልረሳም። አንዱ ከአርዲቦ በኩል የመጡ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ ናቸው፤ ሁሉም ሼሁ ይሏቸዋል። በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የጠፋ ነገር የሚያወጡ አበጋር ነበሩ። የታሰሩት ሦስት መንገደኞች ቤታቸው አሳድረዋል ተብሎ ነው። ሌላው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከጅዳ ተጠርዞ የመጣ ልጅ ነው። እስር ቤት ከሁላችንም የበለጠ ያውቃል፤ ስሙን ትቼ ጅዳ ልበለው።

«በምን ገባህ?» አለኝ ጅዳ ገና ሳልቀመጥ።

ነገርኩት። ስለ ኢንተርንሺፑ፣ ስለ ቃለ መጠይቁ፣ ስለ ላሟም ጭምር። አልሳቀም።

«አገር እየነደደ ሥራ የሚያመለክት ማነው? ለዚያውም ደመወዝ የሌለው!» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። እኔ ይኼን ልጅ አላመንኩትም።»

«አብሽር ልጄ» አሉኝ ሼሁ፣ ጆንያቸውን ከፈል አድርገው። «ና ተቀመጥ። እሱ የሚጠረጥር ባል ነው፣ ሚስት አጥቶ ነው እኛን የሚጠረጥረን።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ጅዳ ግን ዓይኑን አልነቀለብኝም። እኔም እሱን መጠርጠር ጀመርኩ። እንዲህ አጥብቆ ሰላይ የሚፈልግ ራሱ ሰላይ ቢሆንስ? ያን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ስንተኛ፣ ጀርባውን ለሰው የሰጠ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። የተረጋጋ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም፣ አልነካኝም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«‹ደንበኛህ ጥፋተኛ መሆኑን ብታውቅ ምን ታደርጋለህ?› ይላል። ደንበኛህ ማነው?»

«ገና የለኝም።»

«‹ለምን እኛን መረጥክ?› እናንተ እነማን ናችሁ?»

እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። ስጨርስ ደብተሩን ዘጋ። የተማሪነት መታወቂያዬንም፣ ስልኬ ላይ የተጠራሁበትን መልእክትም አይቷል፤ አምኖኛል። የባሰው ይኼ ነበር።

«ሰኞ በአራት ሰዓት ከሆነ እሁድ ጠዋት መሳፈር አለብህ» አለ። «ቅዳሜ ልፈታህ እችላለሁ። ሽማግሌው ያሳደራቸው ሰዎች እነማን እንደነበሩ፣ ወዴት እንደሄዱ ያውቃል። ለእኔ አይነግረኝም፤ ላንተ ይነግርሃል። ጠይቀው፣ ጻፈው፣ ፈርምበት። ጠበቃ ልትሆን አይደል? ልምምድ ይሆንሃል።»

አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ስከተው፣ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ይታየኝ ነበር።

መጋዘኑ ተመልሼ ሼሁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኋቸው። «እኒያ እንግዶች ከየት ነበሩ?»

«ከመንገድ» አሉኝ። «በር አንኳክተው የአላህ እንግዳ አሉ። እግሩ የደማ ሰው ከየት መጣህ አይባልም፣ መጀመሪያ ውሃ ነው። ሲነጋ መርቀውኝ ሄዱ።»

«ወዴት?»

ሼሁ ቀና ብለው አዩኝ። የመለሰው ጅዳ ነው።

«ስንገባ የጫማ ክር ሳይቀር ነው የፈቱን። ኪስህ ውስጥ ያለው እስክሪብቶ ከየት መጣ?»

ሁሉም ተነሣ። አንዱ አንገትጌዬን ያዘ፤ የጅዳ ቡጢ ከፍ ሲል አየሁ። ያዳነኝ የሼሁ ድምፅ ነው፤ አልጮኹም።

«ጀማው! ተቀመጡ። በመጠርጠር ሰው አይመታም። አውጫጭኝ እንቀመጥ።»

ግቢ ሳለን አንድ መምህር አውጫጭኝን በአንድ ሰዓት አስተምሮን አልፏል፤ የሕግ ታሪክ ብሎ። አገሬው ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ተራ በተራ ስለ ጠፋው ነገር የሚያውቀውን የሚናገርበት፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሥርዓት። ለፈተና ሸምድጄው ከፈተናው በኋላ ረስቼዋለሁ። እኛ ደግሞ ወደ ቤታችን የምንሄድ ሰዎች አልነበርንም።

ሼሁ ክብ አስቀመጡን። «እያንዳንድህ በምትፈራው ማል» አሉ። «ዓይንህ ያየውን ተናገር። ሆድህ የጠረጠረውን እዚያው ሆድህ ውስጥ ተወው፤ እሱ ምስክር አይደለም።»

ተራው ዞረ። አንዱ ምንም አላየሁም አለ። አንዱ እኔ ስጠራ ፊቴ ገርጥቶ፣ ስመለስ ግን መልኬ ተመልሶ እንዳየ ተናገረ። እሱን ስሰማ አፈርኩ፤ ልክ ነበር። ጅዳ ወላሂ ብሎ እስክሪብቶውን ማየቱን ብቻ ተናገረ። ሰላይ ነው የምትለዋ ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሳ ስትመለስ አስተዋልኩ።

በመጨረሻ እኔ ቀረሁ። በግሸን ማርያም ማልኩ። እናቴ የተሳለችባት ናት፤ በእሷ ምዬ መዋሸት አልቻልኩም። ወረቀቱን ከካልሲዬ አውጥቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩት።

«የሰጡኝ ስለ ሼሁ እንድጽፍ ነው። ለቅዳሜ ከጻፍኩ ሰኞ ፈተናዬ ላይ እደርሳለሁ። እስካሁን አልጻፍኩም። ግን ልጽፍ ነበር።»

እንባዬ መጣ፤ ከፍርሃት ይሁን ከኀፍረት አሁንም አላውቅም። ሼሁ ወረቀቱን አንሥተው አገላብጠው አዩትና መልሰው ሰጡኝ።

«ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ልጻፍ?»

«አሁን የተናገርነውን ሕግ ለኔም አድርግልኝ። ያየኸውን ጻፍ። እንጀራህ ነው፣ አልከለክልህም።»

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጻፍኩ። ሼሁ በግማሽ ኩባያ ውሃ ውዱእ አድርገው፣ የተረፈውን ትኩሳት ለያዘው ለአንድ ዲያቆን ሲያጠጡት ማየቴን። ነፋስ በሚገባበት በር ሥር የሚተኙት እርሳቸው መሆናቸውን። ዳቧቸውን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ለጅዳ መስጠታቸውን። ሰው ሊደበድበኝ ሲነሣ ማስቀመጣቸውን። ስለ እንግዶቹ «በዓይኔ ያየሁት የለም» ብዬ ዘጋሁት። ሕግ ለሚያውቅ ይኼ ማምለጫ ነው፤ ሼሁ በአፋቸው ነግረውኛልና ለፈተና ብጽፈው መምህሬ ዜሮ ይሰጠኝ ነበር። ከዚያ ጮክ ብዬ ለአሥሩም አነበብኩትና ፈረምኩ። አምልጬ የምሄድበት አውቶቡስ መቅረቱን አውቄያለሁ።

መርማሪው ቅዳሜ ጠዋት አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ያየሁት ይኼን ነው።»

«እሁድ አትሄድም ማለት ነው።»

«ገብቶኛል» አልኩት። አልገባኝም ነበር እንጂ። የገባኝ እሁድ ጠዋት፣ የመኪና ጥሩምባ ከአስፋልቱ ስሰማ ነው። ኮቱን አውልቄ ፊቴን ሸፍኜበት ዋልኩ። ማታ ሼሁ ሲያስላቸው ሳይ አለበስኳቸው፤ እጅጌው ረዘመባቸው።

ሰኞ ሰዓት አልነበረንም። ሼሁ ግን የረፋዱን የዱሃ ሰላታቸውን የሚሰግዱት የመስኮቷ ብርሃን ሦስተኛው ጆንያ ላይ ሲደርስ ነው። ሰግደው ሲጨርሱ ዞረው «ይኼኔ አራት ሰዓት ሆኗል» አሉ። ኮቱን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

ጅዳ ተነሥቶ ጆንያ አነጠፈ። ሼሁን መሐል፣ ዲያቆኑን በቀኝ አስቀምጦ ራሱ በግራ ተቀመጠ። ሌሎቹ ከኋላ ቆሙ። የምር መስሎኝ የኮቱን ቁልፍ ቆለፍኩ።

«ግባ!» አለ ጅዳ፤ የገባሁ ያህል ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። «ራስህን አስተዋውቅ። በሁለት ደቂቃ።»

ተናገርኩ። ሐይቁ ዳር የሸመደድኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ ስለ እናቴና ስለ አምባሰል ብቻ ነገርኳቸው። ጅዳ በየመሐሉ ባዶ አንጓውን እያየ «ሰዓት እየሄደ ነው» ይላል።

«ድክመትህ ምንድነው?» አለኝ በመጨረሻ። ጥያቄውን ከደብተሬ አላየውም፤ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ።

ጓደኛዬ ለዚህ ያስጠናኝ መልስ ነበረ፤ ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል።

«ዓርብ ዕለት እናንተን ሸጬ ልሄድ ነበር» አልኩ።

ጅዳ አንጓውን አየ። «ሰዓትህ አልቋል» አለ። «አልፈሃል። ሥራ ግን የለንም።»

መጋዘኑ በሳቅ ሲናጋ ጠባቂው በሩን በቡጢ መታው። ሼሁ በሻሻቸው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኋቸውም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጦር ግንባሩ ሲቀርብ በሩን ከፍተው ሂዱ አሉን። የሁላችንም ፋይል ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ወረቀቴም የት እንደወደቀ። ሼሁ ቤታቸው ደርሰው፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በራሳቸው አልጋ ላይ ዐረፉ። የጥብቅና ቢሮው ለደብዳቤዬ መልስ አልሰጠኝም፤ አልፈርድባቸውም፤ ታስሬ ቀረሁ የሚል አመልካች ማን ያምናል?

አሁን ሐይቅ ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ጥብቅና እሠራለሁ። ተጠራጣሪነቱ አልለቀቀኝም። ምስክር ሲናገር ከዓይኑ ነው ከሆዱ እያልኩ አዳምጣለሁ፤ ዳኞቹ ይሰለቹኛል። ከእኔ ዘንድ ለመለማመድ የሚመጣ ተማሪ ካለ ኮት እንዳይለብስ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ጅዳ ገበያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል። ሳልፍ ካየኝ ሥራውን አቁሞ፣ በቅባት የጠቆረውን ባዶ አንጓውን ወደ ዓይኑ ያነሣል።

«ድክመትህ?» ይለኛል ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ያው ነው» እለዋለሁ። ሌላ መልስ አላዘጋጀሁም።